የጠፋው ቀይ መብራት

በዚህ የቤተሰብ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጓሮ አትክልትና ስለ ደመወዝ አያያዝ ብዙ ጠቃሚ ነገር ተጽፎ አንብቤአለሁ። በወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ስለሚገኝ አንድ የቦይለር ማብሪያና ማጥፊያ የጻፈ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ጉዳዩ ለጋዜጣ የማይበቃ ጥቃቅን ነገር ሊመስል ይችላል፤ ለእኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር በገዛ ቤቴና በገዛ እጄ የደረሰው ነገር አሳቤን ስላስለወጠኝ፣ ኀፍረቱን ችዬ ለባልደረቦቼና ለቤተሰቦቻቸው ለማካፈል ወስኛለሁ።

ቤተሰቤ የሚኖረው በደብረ ብርሃን ነው። ከተማይቱ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የሚወርደው ውርጭ ሲነጋ ሣሩን ጨው የተነሰነሰበት ያስመስለዋል። በዚያ አገር ሙቅ ውኃ እንደ ቅንጦት አይቈጠርም፤ ሕፃን የሚታጠብበትና የእጅ ቊርጥማት የሚታገሥበት ነገር ነው። ቤቱ ባለቤቴ ከአባቷ የወረሰችው አሮጌ ቤት ነው። ቦይለሩ በመታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ተሰቅሏል፤ ማብሪያና ማጥፊያው ግን ውኃ በሚረጭበት ስፍራ እንዳይሆን ተብሎ ከግድግዳው ማዶ፣ በወጥ ቤቱ በኩል ተተክሏል። ሲበራ ቀይ መብራት ይታይበታል፤ ሲጠፋ ቀዩ መብራት ይጠፋል። ከልጆቼ ታናሹ ሳይቀር ይህን ያውቃል።

ባለቤቴ ያንን ግድግዳ ሴራሚክ ለማልበስ ሁለት ዓመት በዕቁብ ገንዘብ ስታጠራቅም ቈይታለች። ልስኑ ከዘይትና ከጢስ ብዛት ጠቊሮ እየተፈረፈረ ወደ ድስቱ ይወርድ ነበርና አልፈርድባትም። የሴራሚኩን ካርቶን ከአልጋ ሥር ደርድራ፣ ግንበኛውን ቀጥራ፣ ለገና በዓል እንዲደርስ ቀኑን ወስና ከጨረሰች በኋላ እኔ የሃያ ቀን ፈቃድ አግኝቼ ደረስሁ። እንደ ደረስሁም የዘመቻው አዛዥ ሆንሁ። ዓመቱን ሙሉ ቤቱን ብቻዋን ይዛ የኖረች ሴት ባለችበት ቤት እንግዳ ሆኖ መግባት ለወታደር ከባድ ነገር ነው፤ የምንሠራው ነገር ፈልገን ስናጣ የሌላውን ሥራ እንቀማለን።

በሦስተኛው ቀን ጧት ግንበኛው ግድግዳውን ፈቅፍቆ ከማብሪያና ማጥፊያው ዘንድ ሲደርስ ቆመ።

«ጋሼ፣ ይህ ሳይነቀል ሴራሚኩ በደንብ አይገባም። ዙሪያውን ቈራርጬ ብለጥፍ አስቀያሚ ይሆናል፣ ውኃም ያስገባል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሩልኝ» አለ።

«ለሁለት ብሎን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ?» አልሁት።

በዚያው ሰዓት መብራት ሄዷል። የሰፈሩ ሁሉ ራዲዮና ቴሌቪዥን ጸጥ ብሏል፤ የወጥ ቤቱ አምፖል ጠፍቷል፤ ቀዩም መብራት ጠፍቷል። ለእኔ ይህ እንደ ምቹ አጋጣሚ ታየኝ። ካቻቢቴና ፒንሳ አምጥቼ በርጩማ ላይ ወጣሁ። ባለቤቴ ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ቢላዋዋን አስቀመጠችና፦

«ፊውዙን አስቀድመህ ንቀለው እንጂ» አለችኝ።

«መብራት በሌለበት ፊውዝ መንቀል ምን ይሠራል? ቀዩ መብራት መጥፋቱን እያየሽው!»

መልስ አልሰጠችኝም። እጇን በመቀነቷ ጫፍ ጠርጋ ወደ በረንዳው ወጣች። ግንበኛው ፊት ስለ ተናገርኋት የተቀየመች መሰለኝ።

ሁለቱን ብሎን ፈትቼ ክዳኑን ሳወጣው ከስካቶላው ውስጥ አራት ነጫጭ ሽቦዎች ተከትለው መጡ፤ ሁለቱ ከቈጣሪው በኩል የሚመጡ፣ ሁለቱ ወደ ቦይለሩ የሚሄዱ ናቸው። ጥንቁቅ ሰው ለመምሰልም ቴስተሬን አውጥቼ አንድ በአንድ ነካኋቸው። በአንዱም አልበራም። «ይኸው፣ ሞቷል» አልሁ ለግንበኛው። ከዚያም አራቱንም ከማሰሪያቸው ፈትቼ፣ የተጣመመውን ጫፋቸውን ለማቃናት የመጀመሪያውን ባዶ መዳብ በግራ እጄ ጣቶች ያዝሁ። ቀኝ ክንዴ ሚዛኔን እንድጠብቅ የልብስ ማጠቢያው ቧንቧ ላይ ተደግፏል።

የጎረቤት ራዲዮ ጮኸ። በራሴ ላይ ያለው አምፖል ቦግ አለ። ማቀዝቀዣው ማጉረምረም ጀመረ።

ስንት ሰከንድ እንደዚያ እንደ ቆምሁ አላውቅም። ሽቦው በጣቶቼ መካከል ነው፤ ክንዴ ቧንቧው ላይ ነው፤ ምንም አልሆንሁም። ግንበኛው መለሰኛውን እንደ ያዘ አፉን ከፍቶ ያየኛል። ሽቦውን እባብ እንደሚለቅ ሰው ቀስ ብዬ ለቅቄ ዞር ስል ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማለች። የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ ፈታችና በመዳፏ ላይ የተቀመጠውን ነጭ የሸክላ ፊውዝ አሳየችኝ።

«የቦይለሩ ነው» አለች። ቋጠሮውን መልሳ አስራ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

በክፍላችን ለአዳዲስ ወታደሮች የጦር መሣሪያ አያያዝ ማስተማር ከጀመርሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። በመጀመሪያው ቀን የምናገረው፣ ማንም ሰው «ባዶ ነው» ብሎ የሚያቀብላችሁን ጠመንጃ ባዶ ነው ብላችሁ እንዳትቀበሉ የሚለውን ነው። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት ያዞራሉ፤ ካዝናውን ይነቅላሉ፤ መቀባበያውን ስበው ጥይት የሚጎርስበትን ቦታ በዐይናቸው ያያሉ። ይህን ሳያደርግ የተገኘ ወታደር ከእኔ ዘንድ ምን እንደሚጠብቀው ያሠለጠንኋቸው ያውቃሉ። በቤቴ ግን ካዝናው እንደ ተሰካ ምላጭ ስቤአለሁ፤ ካዝናውን የነቀለችው ሽንኩርት ትልጥ የነበረችው ናት።

ነገሩን በኋላ ደጋግሜ ሳሰላስል ስሕተቴ አንድ ብቻ እንዳልነበረ ተረዳሁ። ቀዩ መብራት ቢያንስ በሦስት ምክንያት ሊጠፋ ይችላል። ማብሪያና ማጥፊያው ሲጠፋ ይጠፋል፤ ያን ጊዜም ቢሆን ከቈጣሪው በኩል በሚመጣው ሽቦ ላይ ኤሌክትሪኩ እስከ ማብሪያና ማጥፊያው ድረስ ደርሶ ይጠብቃል፤ የሚቋረጠው ወደ ቦይለሩ የሚሄደው ብቻ ነው። ሁለተኛው የከተማው መብራት ሲሄድ ነው፤ መቼ እንደሚመለስ ደግሞ ማንም አይነግርህም። ሦስተኛው ያች ትንሽ አምፖል ራሷ ስትቃጠል ነው፤ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር በሙሉ ኀይሉ እየሠራ መብራቱ ጠፍቶ ይታያል። የጠፋ መብራት ከሦስቱ የትኛውን እንደሚናገር ለይቶ አይነግርም።

የቴስተሩ ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። መብራት በሄደበት ሰዓት ቴስተር የትም ቢነካ አይበራምና፣ ያደረግሁት ምርመራ ድንጋይ በመነካካት ከሚደረግ ምርመራ አይሻልም ነበር። መብራቱ እስኪመለስ መታገሥ ነበረብኝ። ሲመለስ ቴስተሩን በሚሠራ ሶኬት ላይ ሰክቶ መብራቱን ማየት፤ ከዚያ ፊውዙን መንቀል ወይም ብሬከሩን ማጥፋት፤ ቀጥሎ ሽቦዎቹን በሙሉ፣ አንዱንም ሳይዘሉ መንካት፤ በመጨረሻም ቴስተሩ በመካከል አለመበላሸቱን ለማረጋገጥ ወደ ሶኬቱ ተመልሶ እንደገና ማየት ነው። የካቻቢቴ ዓይነቱ ቴስተር ጣት በጫፉ ብረት ላይ ካላረፈ አይሠራም፤ በጠራራ ፀሐይም ብርሃኑ ለዐይን አይታይም። እንደ እኔ በእንጨት በርጩማ ላይ ወጥቶ ለሚነካ ሰው ደግሞ ሊደበዝዝ ይችላል። የተነቀለው ፊውዝም ከቈጣሪው አጠገብ መቀመጥ የለበትም፤ በኪስ ውስጥ መሆን አለበት። «ወጥ ቤቱ ለምን ጨለመ?» ብሎ ፊውዙን መልሶ የሚሰካ ደግ ሰው በየቤቱ አይጠፋም።

ከሰዓት በኋላ ግንበኛው በመጀመሪያ የጠየቀው ሰው ተጠራ። ጡረታ የወጣ የመሐንዲስ ክፍል ባልደረባ ነው፤ ዕድሜው ከሰባ ያለፈ፣ ንግግሩ አጭር። ስካቶላውን በእጅ ባትሪ እያየ ዝም አለ። ከዚያም በአመልካች ጣቱ ከወደ ጥግ የተጠቀለለ አንድ አምስተኛ ሽቦ ጎትቶ አወጣ። አረንጓዴና ቢጫ ነው፤ ጫፉ ተቈርጦ በናስትሮ ተጠቅልሏል።

«የመሬቱ ሽቦ ነው። ከምንም ነገር ጋር አልተያያዘም» አለ። ወደ ባለቤቴም ዞሮ፣ «እመቤቴ፣ ውኃው አይነዝራችሁም?» ሲል ጠየቃት።

ባለቤቴ ወደ እኔ አላየችም። «ስምንት ወር ሆነው» አለች።

አዎን፣ ነግራኝ ነበር። ከፋሲካ በኋላ በስልክ ስንነጋገር፣ ቦይለሩ በርቶ ቧንቧውን ስትነካ እጇን እንደሚነዝራት፣ ትልቋ ልጃችንም መታጠብ እንደ ፈራች ነግራኛለች። እኔ በዚያ ቀን ባልደረቦቼ አጠገቤ ነበሩ፤ ሣቅሁ። «ጫማ አድርገሽ ታጠቢ» አልኋት፤ ወሬውንም ወደ ትምህርት ቤት ክፍያ አዞርሁት። ከዚያ ወዲህ ደግማ አላነሣችውም። ቧንቧውን በፎጣ እየያዘች ስትከፍትና ስትዘጋ፣ ልጆቹን ሳታጥብ በፊት ቦይለሩን እያጠፋች፣ ስምንት ወር በዘዴ ኖራለች። ፊውዙን መንቀልም የተማረችው ከዚሁ የተነሣ መሆኑን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

ሽማግሌው ነገሩን እንዲህ ብለው አስረዱን። በቦይለሩ ውስጥ ውኃውን የሚያሞቀው ብረት በዕድሜ ብዛት ሽፋኑ ሲሳሳ ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ በርሜሉና ወደ ውኃው ያፈስሳል። የመሬቱ ሽቦ በትክክል ቢታሰር ኖሮ የፈሰሰው ወደ መሬት በወረደ ነበር። ሽቦው ከተቈረጠ ግን ወደ መሬት የሚወርድበት ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ በርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግሩ ቆሞ ቧንቧ የያዘ ሰው ከሁሉ የቀረበው መንገድ ይሆናል።

«ፊውዙ አይቈርጠውም ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ፊውዙን ከባለቤቴ መዳፍ አንሥተው ገለበጡት። «16 አምፔር ይላል። ሰው ለመግደል ከአንድ አምፔር አንድ አሥረኛው እንኳ ይበቃል። ፊውዝ የተሠራው ሽቦው ግሎ ቤቱን እንዳያቃጥል ነው፤ ሰውማ ሞቶ ካለቀ በኋላም አይሰማውም።» ከዚያ ወደ ዐይናቸው አስጠጉትና ፊታቸውን አኰሳተሩ። በሸክላው ላይ የተጠመጠመው ሽቦ መሆን ከሚገባው ሦስት እጥፍ የወፈረ ነበር። «ይህንንስ ማነው የጠመጠመው?»

ባለፈው ዓመት ፈቃዴ ፊውዙ እየተቃጠለ ሲያስቸግር «እንዳይቃጠል አድርጌ» የጠመጠምሁት እኔ ነኝ። ይህን በዚህ ጋዜጣ ላይ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ሰርዤ አራተኛ ጊዜ ጽፌዋለሁ።

በማግስቱ የቦይለሩ ማሞቂያ ብረት ተለወጠ፤ የመሬቱ ሽቦ ተቀጥሎ ታሰረ፤ በጓሮ እስከ ተቀበረው ዘንግ ድረስም መድረሱ በመሣሪያ ተረጋገጠ። በሸክላው ፊውዝ ፋንታም ብሬከር ገባ። ከእርሱ ጋር ኤሌክትሪክ በሰው ወይም በውኃ በኩል ወደ መሬት ሲፈስስ ለይቶ የሚያውቅ መቊረጫ ተገጠመ፤ 30 ሚሊ አምፔር የሚል ቊጥር ተጽፎበታል፤ ይህም ከአንድ አምፔር ሺሕ እጅ ሠላሳው ማለት ነው። ከቆርቆሮ ጥገናዬ የተረፈው ገንዘብ ለዚህ ዋለ፤ ቆርቆሮው ለክረምት ይደርሳል።

ከዚያ በኋላ የግድግዳው ሥራ ቀላል ነበር፤ ሆኖም ጥቂት የማላውቃቸውን ነገሮች ከሽማግሌው ተምሬአለሁ። ሽቦዎቹ ከመፈታታቸው በፊት በእጅ ስልክ ፎቶ ይነሣሉ፤ አራቱም አንድ ዓይነት ቀለም ሲሆኑ ደግሞ በናስትሮ ቊራጭ ላይ ቊጥር እየተጻፈ ይለጠፍባቸዋል። ቢዘበራረቁ ማብሪያና ማጥፊያው ጠፍቶ ቦይለሩ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቀር ይችላል። እያንዳንዱ ጫፍ ለየብቻው በማያያዣ ተከድኖ ወደ ስካቶላው ይታጠፋል፤ አፉም ስሚንቶ እንዳይገባበት በክዳን ይዘጋል። እኔ ሽቦው ረዘመ ብዬ ልቈርጠው ስል እጄን ያዙኝ። ሴራሚኩና ማጣበቂያው አንድ ላይ ግድግዳውን እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያወፍሩታል፤ አጭር ሽቦ እስከዚያ አይደርስም፤ የድሮው ብሎንም አይደርስም፤ ረዘም ያለ መግዛት ያስፈልጋል። ስካቶላውም ራሱ ከሴራሚኩ ፊት እኩል እስኪሆን መደገፊያ ይጨመርለታል እንጂ ጐድጕዶ አይቀርም። በሴራሚክ ሥር ሸፍኖ መተው ደግሞ ፈጽሞ አይገባም። ተሸፍኖ የቀረን የሽቦ መጋጠሚያ ከዓመታት በኋላ ምስማር የሚመታ ሰው ያገኘዋል።

ለአራት ቀን ያህል ብሬከሩ ጠፍቶ ቈየ። ባለቤቴ በላዩ ላይ ናስትሮ ለጥፋ «አይነካ» ብላ ጻፈችበት። ውኃ በከሰል ምድጃ እየሞቀ ልጆቹ በሳፋ ታጠቡ። ትልቋ በሳፋ መታጠቡን ወደደችው፤ የማይነዝር ውኃ ነውና እውነቷን ነው።

በአምስተኛው ቀን ማጣበቂያው ደርቆ ማብሪያና ማጥፊያው በነጩ ግድግዳ ላይ ተተከለ። ሽማግሌው ከመብራቱ በፊት የሙቅ ውኃውን ቧንቧ ከፍተው ውኃ ያለማቋረጥ እስኪወርድ ጠበቁ፤ ባዶ በርሜል ውስጥ የበራ ማሞቂያ ብረት ወዲያው ይቃጠላል። መቊረጫው ላይ ያለችውን የመሞከሪያ ቊልፍ ሲጫኗት ቀጭ ብሎ ጠፋ፤ መልሰው አበሩት። በየወሩ እንዲሁ እንድትሞክረው ለባለቤቴ አሳዩአት፤ ለእኔ አላሳዩኝም። ከዚያ ቴስተሩን በሶኬት፣ ቀጥሎ በቧንቧው፣ መልሰው በሶኬት አደረጉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እመቤቴ፣ እጅዎን ይታጠቡ» አሏት።

እጅጌዋን ሰብስባ ከቧንቧው አጠገብ ቆመች። ፎጣውን በግራ እጇ ይዛ ነበር፤ ከልምድ የተነሣ ነው። አየችው፤ በሚስማሩ ላይ ሰቀለችውና ቧንቧውን በባዶ እጇ ከፈተች። እንፋሎቱ ወደ አዲሱ ግድግዳ ወጣ።

ወደ ክፍሌ ከተመለስሁ ወዲህ ዘወትር እሑድ ማታ እደውላለሁ። ባለፈው ሳምንት የጓሮው በር ማጠፊያ መላላቱን፣ ነፋስ በመታው ቊጥር ታናሹ ልጅ ጣቱን እንዳያስቈርጥ እንደምትሠጋ ነገረችኝ። በአጠገቤ ሁለት ባልደረቦች ነበሩ። ማጠፊያው ባለ ስንት ብሎን እንደ ሆነ ጠይቄ በማስታወሻዬ ጻፍሁት።